ስሞች የታተሙበት ቢጫ ኩታ

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት እናቴን ለማሳከም ኒው ዴልሂ በሄድኩበት ጊዜ አንድ አዛውንት ቢጫ ኩታ ደርበው አየሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ጽሑፍ ታትሞበታል። መሳዩን ከገበያ ገዝቼ በመምጣት ለምግብ ጠረጴዛ ልብስ አደረግሁት፤ ቤቴ የተጋበዘ ህንዳዊ ባልደረባዬ ግን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ጽሑፉ ምን ይላል? ጥፋቴስ ምንድን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጨርቁ ናማቫሊ ይባላል፤ በሳንስክሪት «ናማ» ስም፣ «አቫሊ» ረድፍ ማለት በመሆኑ «የስሞች ረድፍ» እንደ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታተምበት ሃሬ፣ ክሪሽና እና ራማ የሚሉት ሦስት ስሞች እየተፈራረቁ 16 ቃላት የሚሞሉበት ጸሎት ሲሆን፣ በህንድ በቤንጋልና በቭሪንዳቫን ያሉ፣ ክሪሽና የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልኩ ሰዎች በጸሎት ሰዓት ይደርቡታል። በእነርሱ እምነት የአምላክ ስምና አምላክ ራሱ አይለያዩም። ስለዚህ ናማቫሊ ከወገብ በታች አይታጠቁትም፣ አይቀመጡበትም፣ መሬትም አያስነኩትም፤ ወጥ የሚፈስበትና እጅ የሚጠረግበት ጠረጴዛ ላይ ማየት ባልደረባዎን ለምን እንዳስደነገጠው ከዚህ ይረዱታል።

በድሮው ዘዴ ፊደሎቹ በጠንካራ እንጨት ላይ ተገልብጠው ይቀረጻሉ፤ አታሚው ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ጥጡ ላይ ያሳርፍና ከላይ በቡጢ ይመታዋል። የእርስዎን በቅርብ ይዩት፦ ማኅተም ከማኅተም በሚገናኝበት ቦታ ፊደል ከተደራረበ ወይም ቀጭን ክፍተት ከቀረ የእጅ ሥራ ነው። ዛሬ ገበያውን የሞላው ግን ቀለሙ በተወጠረ ወንፊት አልፎ (ስክሪን ፕሪንት) የሚታተመው ነው፤ ለእኔ ያ ጥቃቅን መዛነፍ የሌለበት ናማቫሊ ውበቱ ይጎድለኛል።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊነሳ የሚገባው በህንድ የቻቲስጋር ግዛት የሚኖሩ፣ ራምናሚ የተባሉ አማኞች ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ፓርሱራም የተባለ ሰው የጀመረው ይህ እንቅስቃሴ ተከታዮቹን ያገኘው በህንድ የዘር ደረጃ ክፍፍል (ካስት) ምክንያት ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ ከተከለከሉት ወገኖች ነው። እነርሱም «ራም» (ራማ) የሚለውን የአምላክ ስም በነጭ ጥጥ ላይ በጥቁር ቀለም ደጋግመው አሳርፈው ለበሱት፤ ብዙዎቹም ፊታቸውንና ገላቸውን በዚሁ ስም ተነቀሱት። ደጁ ቢዘጋባቸው ስሙን ራሳቸው ላይ ተሸከሙት ማለት ነው።

ጨርቅዎን ከጠረጴዛው አንሥተው በንጹሕ ቦታ አጥፈው ያስቀምጡት። ሲያጥቡት አስቀድመው ጥጉን በሳሙና ይሞክሩ፤ ቢጫው በእርድ የተነከረ ከሆነ ወደ ቀይ ስለሚለወጥ፣ ያን ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ለይተው ያለቅልቁትና ጥላ ላይ ያስጡት።