ሐረግን ወደ ግድግዳ ለምታወጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ ግድግዳ ላይ የምትሥሉትን ቆሜ አያለሁ። ሐረግ፣ ያ የብራና መጻሕፍት የተጠላለፈ የጥብጣብ ጌጥ፣ ከብራና ወጥቶ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው መሆኑ በጣም ደስ ይለኛል። በርቱ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላችኋለሁ፤ ከመልኩ በፊት አሠራሩን ያዙ።

ብዙዎቻችሁ የሐረግ ፎቶ ከስልክ ታወጡና በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አብርታችሁ ጠርዝ ጠርዙን ትከተላላችሁ። ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን መስመሩ ግራ ተጋብቷል። ሐረግ ውስጥ አንዱ ጥብጣብ በሌላው ላይ ካለፈ፣ ቀጥሎ ከሥር ይገባል። አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች። አንዷን መሻገሪያ ከሳታችሁ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ይህን እጃችሁ እስኪለምደው መጀመሪያ በወረቀትና በእርሳስ ሥሩት። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን አቋራጭ የለውም።

ጸሐፊው ብራናውን ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋል። ከዚያ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ ቀለም ያሰምራል። እናንተ ወስፌውን በሚስማር፣ መስመሩን በሲባጎ ተኩት። ሲባጎውን ቀለም አስነክታችሁ፣ ወጥራችሁ፣ ግድግዳው ላይ አግድምም ቁልቁልም ምቱት፤ ካሬ ይወጣል። ካሬው በትክክል ከወጣ፣ መዳፍ የምታክል ሐረግ ሦስት ሜትር ብትሰፋም አትዛባም።

ዋናውንም በዓይናችሁ እዩት። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሩቅ አይደለም። የሠዓሊውን የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥራዎችም ፈልጉ። ብራናንና ጥልሰምን፣ ማለትም ክታብ ላይ የሚሣለውን ምልክት፣ ወደ ዘመናዊ ሥዕል ሲያመጣ የራሱን ነገር ነው የፈጠረበት።

ጥልሰም ካልኩ አይቀር፣ እሱን ለካፌ ማስዋቢያ አታድርጉት። ክታብ ለአንድ ሕመምተኛ፣ ስሙ ተጽፎበት የሚሠራ ነው፤ የሰው ጭንቀት አለበት። ሐረግ ጌጥ ነው። ለግድግዳ እሱ ይበቃችኋል።

የቀረው የግድግዳ ጉዳይ ነው። ልስኑ ሳይደርቅ አትቀቡ፤ ክረምት ሲገባ ይላጣል። እስከ ወገብ ያለውን የጭቃ ፍንጣሪና የሚደገፍ ሰው ጀርባ ይጨርሰዋል፤ እዚያ ጠቆር ያለ ቀለም ቀቡና ሐረጉን ከላይ ጀምሩ። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ብሩሽ አታንሱ። ሲነካካ ማን እንደሚያድሰውም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የተረፈውን ቀለም በደንብ ከድናችሁ የሚያድሰው ሰው ጋ ተዉት።