ቲያ ስትሄዱ ምሳ ቋጥራችሁ አትሂዱ

ዘንድሮ አገር ቤት የምትገቡ፣ ላሊበላና አክሱም ለመድረስ ጊዜው ካጠራችሁ በቡታጅራ መንገድ ውጡ። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ፣ ከዓለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የትክል ድንጋዮቹ ስፍራ ቲያ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይዳረሳሉ። ቲያ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ መልካ ቁንጥሬ ባልጩት ከተባለው ስፍራ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል።

ችግሩ ያው ደርሶ መልሱ ነው። ሚኒባሱ ረፋድ ላይ ቲያ ይደርሳል። በ36ቱ ትክል ድንጋዮች መሃል ፎቶ ይነሣል፤ ልጆቹ የተቀረጹትን ሰይፎች ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ መኪናው። ምሳው ከአዲስ አበባ ተቋጥሮ መጥቷል። ውሃው ከሱፐርማርኬት ነው። አስጎብኚውም የመጣው አብሯችሁ ነው። ከአጥሩ ማዶ ላለው ገበሬ የሚተርፈው አቧራው ብቻ።

ድንጋዩን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። ዩኔስኮ እዚያ አያድርም። ከብት የሚያሰማራበት ሜዳ «ቅርስ ነው» ተብሎ ቢታጠርበትና አንድ ብር ካላገኘበት፣ ሌሊት ቆፋሪ ሲመጣ ለምን ብሎ ይጮሃል?

ስለዚህ ምሳችሁን እዚያው አካባቢ ብሉ። ጉራጌ አገር ገብቶ ሳንድዊች መብላት ለነገሩ በራሱ ነውር ነው! ቡና አስፈሉ፣ ቁጭ በሉ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዙ፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመግቢያውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ለሕፃናት ብር አትበትኑ፤ ከትምህርት ቤት ታስቀሯቸዋላችሁ።

«አሮጌ ነው» ተብሎ የሚቀርብላችሁን መስቀልም ሆነ ብራና አትግዙ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ገዢ ካለ ሌባ አይጠፋም። አዲስ የተሠራውን ግዙ፤ ገንዘቡ ለባለሙያው ይደርሳል። መልካ ቁንጥሬ አካባቢ መሬት ላይ የሚያብለጨልጨውን የባልጩት ስባሪም ኪሳችሁ እንዳትከቱ። ለተመራማሪ የሚናገረው የወደቀበት ቦታ ላይ ሳለ ነው።

በማኅበር ተሰባስባችሁ ገንዘብ የምታዋጡ፣ ሙዚየም እንሥራ ከማለታችሁ በፊት ሽንት ቤት ሥሩ። ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ እንግዳ አይቆይም፤ ያልቆየ እንግዳ ደግሞ አይበላም፣ አይገዛም። ማን እንደሚያጸዳውና ከምን ገቢ እንደሚከፈለው ከቀበሌው ጋር በጽሑፍ ተፈራረሙ። ይሄ ካልሆነ በዓመቱ ይቆለፋል።

ሎጅ የመገንባት ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ አክሱም፣ መሬቱን በሊዝ ሳትይዙ በፊት አስቡበት። እዚያ ለቤት መሠረት ሲቆፈር ጥንታዊ መቃብር ሊወጣ ይችላል። ሥራው እንዳይቆም ብሎ መልሶ አፈር የሚያለብስ አይጠፋም። እናንተ ቁፋሮ ሳትጀምሩ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በጀታችሁ ላይም ሥራው ቢቋረጥ የሠራተኞቹን ደሞዝ የምትከፍሉበት ገንዘብ ያዙ።