ለፓርኪንሰን ቫይታሚን ኢ ይጀመር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ፓርኪንሰን ከተባለ ሁለት ዓመት ሆነው። ለእሱ ሌቮዶፓ ይወስዳል፤ ለልቡ ደግሞ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ። ወንድሜ “በሽታው ኦክሲዴቲቭ ስትረስና የአንጎል ብግነት ነው” የሚል ነገር አንብቦ ቫይታሚን ኢ እና ኮኪውቴን ላከለት። ለብግነቱ አይቡፕሮፌን ይጨመር፣ ሌቮዶፓውም ይቀነስ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካፕሱሎቹ ካልተጀመሩ እዚያው ይቀመጡ። አይቡፕሮፌን ጭራሽ አይሞከር። ሌቮዶፓውን አይንኩት። ይህን ስል ግን ወንድምዎ ያነበበው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ኦክስጅኑ ወደ ጉልበት ሲቀየር ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያገኙትን የሚጎዱ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ጤነኛ ሴል ያመክናቸዋል። ከአቅሙ በላይ ሲሆኑበት ስቡ፣ ፕሮቲኑና ዲኤንኤው ይጎዳል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይሄ ነው። (ስትረስ ሲባል ጭንቀት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይገናኙም።) በፓርኪንሰን የሚሞቱት ዶፓሚን (አንጎል እንቅስቃሴን ለማዘዝ የሚጠቀምበት ኬሚካል) አምራች ሴሎች ደግሞ ባሰባቸው፤ ዶፓሚን ራሱ ሲሰባበር እነዚህኑ ሞለኪውሎች ያወጣል።

ብግነቱን፣ ማለትም የአንጎል መከላከያ ሴሎች መቆጣትን፣ በተመለከተ አንድ ታሪክ ላንሳ። በ1982 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ጥቂት ወጣቶች በድንገት ፓርኪንሰን እንደያዘው ሰው ደርቀው ቀሩ። ዕፁ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ነበር፤ የሴሉን የጉልበት ማመንጫ ያቆማል። በኋላ የሦስቱ አንጎል ከሞቱ በኋላ ሲመረመር፣ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ዘበኛ ሴሎች መርዙ ከገባ ከዓመታት በኋላም እንደተቆጡ ነበሩ። መርዙ ከሄደ ቆይቷል፤ ቁጣው ግን አልበረደም። የተጎዳው ሴል ዘበኛውን ያስቆጣል፣ የተቆጣው ዘበኛ መልሶ ሴሉን ይጎዳል። የትኛው ቀደመ ካሉኝ የዶሮና የእንቁላል ነገር ነው።

ታዲያ እንደ ቫይታሚን ኢና ኮኪውቴን ያለ ፍሪ ራዲካልን የሚያመክን አንቲኦክሲዳንት ቢሰጥ ይቆም ነበር? እኛም ተስፋ አድርገን ነበር። 800 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ተሞከረ፤ በ1993 ውጤቱ ሲወጣ በሽታውን አላዘገየም። ኮኪውቴንም በ600 ታካሚዎች ላይ በከፍተኛ መጠን ተሞክሮ እንደማይረዳ ስለታየ ቀድሞ ተቋረጠ። ምልክቱ በሚታይበት ጊዜ ብዙ ሴል አልቋል፤ የዋጥነው ሁሉ አንጎል አይደርስም፤ የጉዳቱ ምንጭም አልተነካም። ለእኔ ዋናው የመጨረሻው ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ዋርፋሪኑ ነው። ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ኮኪውቴን በተቃራኒው የዋርፋሪኑን ሥራ ሊያደክም ይችላል። አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይጎትታል። አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ሲሆን ጨጓራ ያደማል፤ ፓርኪንሰንን እንደሚያቆም ደግሞ አልተረጋገጠም። ለሕመም ማስታገሻ ካስፈለገ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሌቮዶፓውን ቀንሱ የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል፤ ዶፓሚን ሲሰባበር ጎጂ ነገር ካወጣ መድኃኒቱም ይጎዳል ተብሎ በእኛ በሐኪሞችም ዘንድ ለዓመታት ተፈርቶ ነበር። ነገር ግን በ2019 የወጣ ጥናት ቀድመው የጀመሩትንና ዘግይተው የጀመሩትን ሲያወዳድር፣ ቀድሞ መጀመሩ በሽታውን አላፋጠነም። በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፤ ሰውነት ይደርቃል፣ ከባድ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል።

ወንድምዎ መርዳት ከፈለገ አባታችሁን ይዞ ይራመድ። ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሐኪሙ ለልባቸው ከፈቀደ። እርምጃንና ሚዛንን ያግዛል፤ ይህንን ካፕሱሉ አላደረገውም።

ካፕሱሉ ከወዲሁ ተጀምሮ ከሆነ ግን ዝም ብለው አያቁሙት። የዋርፋሪን ክትትል ወደሚያደርጉበት ክሊኒክ ደውለው አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ምርመራ) ይሠራላቸው፤ የዋርፋሪኑ መጠን በዚያ ይስተካከላል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ድድ ሳያቋርጥ ከደማ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። የመድኃኒቶቹን ሁሉ ብልቃጥ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ወንድምዎ የላከውንም ጭምር።