423 ከየት መጣ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ዩኒቨርሲቲ ጥናት

ፕሮፖዛል የሚገመገምበት ወቅት ስለሆነ ይመስለናል፣ ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከማስተርስ ተማሪዎች የተላኩ ናቸው። ብዙዎቹ የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ስለሚመሳሰል ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጥናቴ እናቶች ከወሊድ በኋላ ስለሚያደርጉት የጤና ክትትል ነው። በወረዳው ካሉት ቀበሌዎች 6ቱን በዕጣ አውጥቼ፣ ከእነሱ ውስጥ 423 እናቶችን አነጋግራለሁ። ገምጋሚው «423 ከየት መጣ?» ብለው መለሱልኝ። ከእኔ በፊት የተመረቁት ሁሉ 423 ብለው ነው የጻፉት። ጥፋቴ ምንድን ነው?
*የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ፣ ከጅማ*

መልስ፦ ገምጋሚው ልክ ናቸው። ጥያቄው ግን ለማዋረድ የቀረበ አይደለምና አይከፉበት። ቁጥሩ የሚመጣው እንዲህ ነው፦ 1.96 (የ95 ከመቶ እርግጠኝነትን የሚወክለው ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 ተባዝቶ፣ እንደገና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል 384 ይሆናል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 ከመቶ ሲጨመርበት 423 ይሞላል። ይህን ስሌት ከቀደመ ሰው ወረቀት የገለበጠ ተማሪ ሦስት ውሳኔዎችን ሳያውቃቸው ወስኗል።

የመጀመሪያው 0.5 ነው። ትርጉሙ «ስንት ከመቶ እንደሚሆን ምንም ፍንጭ የለኝም» ማለት ነው። እርስዎ ግን ፍንጭ አለዎት። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙ እናቶች 17 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በአካባቢዎ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ጥናት ካለ ደግሞ እሱ ይሻላል። ሁለተኛው 0.05 ነው። ውጤቱ በእርግጥ 17 ከመቶ አካባቢ ከሆነ፣ የ5 ነጥብ ስህተት «ከ12 እስከ 22 ባለው መካከል ነው» ከማለት አያልፍም። ይህ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ብዙም አይጠቅምም። ስህተቱን ወደ 3 ነጥብ ቢያወርዱት 603 እናቶች ያስፈልጋሉ፤ 10 ከመቶው ሳይጨመር ማለት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት የቀበሌው ጉዳይ ነው። ስሌቱ እያንዳንዷ እናት ከወረዳው ሁሉ በቀጥታ በዕጣ እንደወጣች አድርጎ ያስባል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ቀበሌ ነው ያወጡት። የአንድ ቀበሌ እናቶች ጤና ጣቢያቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛቸውም አንድ ስለሆኑ መልሳቸው ይቀራረባል። ለዚህ ነው ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው፣ መልሶቹ ስለሚቀራረቡ ናሙናውን የሚያሳድገው ቁጥር የሚባዛው። 2 ቢወስዱ 384 ወደ 768 ያድግና ከ10 ከመቶው ጋር 845 ይደርሳል። ገንዘቡ ካልበቃ ከእናቶቹ ቁጥር ይልቅ የቀበሌዎቹን ቁጥር ለማብዛት ይሞክሩ። ከ12 ቀበሌ 35፣ 35 እናት መውሰድ ከ6 ቀበሌ 70፣ 70 ከመውሰድ የተሻለ መረጃ ይሰጣል፤ የሚጨምረው የመኪናና የአበል ወጪ ነው።

ስለ ኦድስ ሬሾም (በሁለት ቡድኖች ያደረጉትን ላላደረጉት አካፍሎ ውጤቶቹን የሚያወዳድር ቁጥር) አንድ ነገር እንጨምር፣ ጥናቱ በፈታኞች ፊት በሚቀርብበት የዲፌንስ ቀን በየዓመቱ የሚደገም ስህተት ነውና። ከተማሩት እናቶች 60 ከመቶ፣ ካልተማሩት 40 ከመቶ ክትትል ቢያደርጉ፣ የተማሩት የሚበልጡት በ1.5 እጥፍ ነው። ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይወጣል። ይህን «2.25 እጥፍ ይበልጣሉ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ውጤቱ በሕዝቡ ዘንድ ብርቅ ካልሆነ ኦድስ ሬሾ ሁልጊዜ ልዩነቱን አጋንኖ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን አጠናለሁ። የልደት ቀኖቹን ኮምፒውተር ላይ ስናስገባ የአንዳንዶቹ ባዶ ሆነ። መዝገቡ ላይ ግን በትክክል ተጽፈዋል።
*የሥነ ምግብ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ባዶ የሆኑትን ሕፃናት መዝገብ ያውጡና ወሩን ይመልከቱ። ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን እንደሚያገኙ እንገምታለን። ጥቅምት በእኛ ሁለተኛ ወር ስለሆነ 30/02/2014 ተብሎ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ «ፌብሯሪ 30» የሚባል ቀን ስለማያውቅ አይቀበለውም። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ እሱንም አይቀበልም። በዚህ ሰበብ ሕፃናቱ ከጥናቱ ወጥተው ይቀራሉ።

ከዚህ የከፋው ግን ሳይታይ የሚያልፈው ነው። መረጃ ሰብሳቢው የሕፃኑን ዕድሜ በወር ሲቆጥር ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ከቆጠረ፣ ሁለት ዓመት 24 ወር መሆኑ ቀርቶ 26 ይሆናል። ሕፃኑ ከዕድሜው በላይ ስለተቆጠረለት አጭር ይመስላል፤ ያልቀነጨረውም ቀንጭሯል ይባላል።

መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስገባት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀን እንዲህ ያስሉ፦ ዓመቱን በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ጥለው ይደምሩ፤ ወሩን በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ቀኑን ይደምሩ። ጥቅምት 30 ቀን 2014 የተወለደ ሕፃን 735,703 ይሆናል። ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ቢለካ 736,469 ነው። ልዩነቱ 766 ቀን ነው፤ ለ30.4375 ሲካፈል 25.2 ወር ይሆናል። ጳጉሜንን እንደ ወር ለቆጠረ ሰው ግን ይኸው ሕፃን 27 ወር ሞልቶታል።

24 ወር ያልሞላው ሕፃን ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ እንደሚለካም አይዘንጉ። በሁለቱ አለካክ መካከል 0.7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። የተለካው በየትኛው እንደሆነ በቅጹ ላይ ካልተመዘገበ በኋላ ማረም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ አለኝ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እየዘገየብኝ ስለሆነ መረጃ መሰብሰብ ልጀምር?
*ከሐዋሳ*

መልስ፦ አይጀምሩ። የድጋፍ ደብዳቤው ወደ አካባቢው ለመግባት እንጂ ሰውን ለመጠየቅም ሆነ ደም ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም። ከፈቃዱ በፊት የተሰበሰበን መረጃ ኮሚቴው ወደ ኋላ ሄዶ አያጸድቀውም፤ መጽሔቶችም የፈቃዱን ቀን ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ ኮሚቴው የሚያዘገየው የስምምነት ቅጹ በጥናቱ ቋንቋ ስላልተተረጎመ፣ ወይም ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ ተለይተው ስላልቀረቡ ነው። ናሙናው ለምርመራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህም የራሱን ጊዜ ስለሚወስድ ከወዲሁ ይጀምሩት።

ጥያቄ፦ በዞናችን ካሉ 10 ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዳቸው 40 ተማሪ ወስጄ 400 ተማሪ አጠናለሁ። የ12ኛ ክፍል የ2013ን ውጤት ከ2014 ጋር አወዳድሬ የትምህርት ጥራት መውደቁን ማሳየት እፈልጋለሁ።
*መምህር፣ ከአሰላ*

መልስ፦ ንጽጽሩን ቢተዉት እንመክራለን። የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በሌላ ጥበቃና በሌላ ሁኔታ ተፈትነዋል። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው አገር ያስደነገጠ ነገር ነበር። በሁለቱ ዓመታት መካከል ግን የተለወጠው የተማሪው እውቀት ብቻ አይደለም፤ የሚለካበት ሁኔታም ተለውጧል። ኩረጃው ስለቀረ ነው? እንግዳ ቦታ መፈተኑ ስላስጨነቃቸው ነው? በእርግጥ እውቀቱ ስለደከመ ነው? በዚህ መረጃ እነዚህን መለየት አይቻልም። የሚሻለው በዚያው ዓመት የተፈተኑ ትምህርት ቤቶችን እርስ በርስ ማወዳደር ነው፤ ቤተ ሙከራ ያለውንና የሌለውን፣ የመምህራኑን ቁጥርና የትምህርት ደረጃ እያዩ።

ስለ ናሙናው፣ 400 ተማሪ አለኝ ቢሉም የተማሪዎቹ መረጃ እንደ 400 የሚቆጠር አይደለም። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ መምህር ስለተማሩ ውጤታቸው ይመሳሰላል። የመመሳሰሉ መጠን 0.2 ነው እንበል። ከ40 ተማሪ አንድ ሲቀነስ 39 ነው፤ 39 በ0.2 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት 8.8 ይሆናል፤ ዲዛይን ኢፌክቱ ይህ ነው። 400 ለ8.8 ሲካፈል 45 ነው፤ መረጃዎ ተለያይተው ከተመረጡ 45 ተማሪዎች የሚገኘውን ያህል ብቻ ይነግርዎታል ማለት ነው። ከ40 ትምህርት ቤት 10፣ 10 ተማሪ ቢወስዱ ግን ዲዛይን ኢፌክቱ 2.8 ይሆንና 143 ያህሉን ያገኛሉ። የመጠይቁ ብዛት አልጨመረም፤ የጨመረው የእግር መንገዱ ነው። ትንተናውንም ቢሆን ተማሪን በትምህርት ቤት ውስጥ በሚያስቀምጥ ባለ ብዙ እርከን ሞዴል ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ጥናቴ በቤት ሽያጭ ውል ላይ ነው። አማካሪዬ መጠይቅ ጨምሪ ይሉኛል፤ እኔ ሕጉ ይበቃኛል ባይ ነኝ። የማነበውም የእንግሊዝኛውን ቅጂ ነው፤ ነውር አለው?
*የሕግ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ መጠይቅ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን የሚወስነው የጥናቱ ጥያቄ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ጥያቄዎ «ካልተመዘገበ ውሉ ምን ይሆናል?» ከሆነ መልሱ ያለው በሕጉና በሰበር ውሳኔዎች ውስጥ ነው፤ 200 ሰው ቢጠይቁ አንዳች አይጨምርልዎትም። «ሰዎች ሽማግሌ አስቀምጠው ተፈራርመው ሳያስመዘግቡ ለምን ይሸጣሉ?» ከሆነ ግን አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ ደላላውን፣ ሻጩን፣ ገዥውንና መዝጋቢውን ማነጋገር ግድ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አስሮ በግማሽ በግማሽ መመለስ ነው የብዙ የሕግ ጥናቶች ድክመት።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ነውር ሳይሆን አደጋ አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ በሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ ነው ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ የተመለሰው። አንዳንድ ቁጥሮች በሦስቱ ቋንቋ አንድ ዓይነት አይናገሩም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 3/1987 ልዩነት ሲኖር የአማርኛው እንደሚጸና ይደነግጋል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106ም ለአማርኛው ቅጂ የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ አማርኛውን ይጥቀሱ፤ ፈረንሳይኛውን የረቂቁን አሳብ ለመረዳት ይጠቀሙበት።

የሰበር ውሳኔ ሲያነቡ ቀኑንና የዳኞቹን ቁጥር ይመልከቱ። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት ትርጉም አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። ያን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነውና ሁለቱን አይቀላቅሉ። በውሳኔው ራስ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ አንብቦ መጥቀስ ያሳፍራል፤ ትርጉሙ የሚታወቀው ከፍሬ ነገሩ ጋር ሲነበብ ነው። የቤቱ ክርክር በባልና ሚስት መካከል ከሆነ ደግሞ የፍትሐ ብሔሩን የቤተሰብ ክፍል አይጥቀሱ፤ በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በርካታ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስነው የርስት ወረቀት ላይ «በዘመነ ዮሐንስ በወርኃ የካቲት» ይላል። ዓመት የለውም። ልጄ ለኮሌጅ የታሪክ ጥናቷ ልትጠቀምበት ፈልጋለች።
*ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ*

መልስ፦ ወንጌላዊው ከአራት ዓመት አንዱን ይነግርዎታል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ከዚያ በወረቀቱ ላይ የንጉሡን፣ የዳኛውንና የምስክሮቹን ስም ይፈልጉ። ለምሳሌ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ካለ ከ1882 እስከ 1906 ውስጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ የካቲታቸው በዘመነ ዮሐንስ የዋለው 1884፣ 1888፣ 1892፣ 1896፣ 1900 እና 1904 ብቻ ናቸው። ከምስክሮቹ የአንዱ የሞት ዓመት ከታወቀ ምርጫው ወደ ሁለትና ሦስት ይወርዳል።

ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትመልሰው ልጅዎ ትጠንቀቅ። ዐድዋን የምናከብርበት የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ጦርነቱ የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። አውሮፓውያን በ1900 (እ.ኤ.አ.) ፌብሯሪ 29ን ስለዘለሉ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ለዛሬ ቀን የተሠራን ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ በምኒልክ ዘመን ከዚያ በፊት ለነበረ ቀን የሚጠቀም ሰው አንድ ቀን ይስታል።

ደግሞም ጎረቤት ናችሁ። ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ይገኛሉ፤ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ደክመውበታል። በድረ ገጹ በነፃ ተመዝግቦ ማንበብ ይቻላል። ልጅዎ በአያትዎ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስም ትፈልግ፤ የተነሣ ወንጌል ካገኘች ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ኅዳጉንና ባዶ ቅጠሎቹን ትመልከት። የርስት ሽያጭና ስጦታ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነውና የወረቀታችሁ ምስክሮች ስም ሊገኝ ይችላል።

ወረቀቱን በፕላስቲክ አታስለብዱት፣ በካውያም አትተኩሱት። በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ማኅተሙንም ለየብቻ ፎቶ አንሡ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ የሚያውቁት ዘመዶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን ከነቀኑ ጻፉ።