መልስ፦ የ1998ቱ ያንኪስ ከ2001ዱ ሲያትል ለምን ይበልጣል?

የአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ሲያትል ማሪነርስ እ.ኤ.አ. በ2001 በመደበኛው ውድድር 116 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ፣ 114 ያሸነፈው የ1998ቱ ኒው ዮርክ ያንኪስ ለምን እንደሚበልጥ ለጠየቁት፣ መልሱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጨዋታዎች ነው። ያንኪስ የውድድር ዘመኑን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች አራቱን ቢሸነፍም፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ብዛት ቴክሳስን 3 ለ 0፣ ክሊቭላንድን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ደግሞ ሳንዲያጎን 4 ለ 0 ረትቶ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ በጠቅላላው 125 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 50 ብቻ ነበር። ሲያትል ግን ለፍጻሜ እንኳ ሳይደርስ በዚሁ በያንኪስ ተሰናብቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የአሠልጣኝ ጆ ቶሬ ቡድን በአንድ ኮከብ ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑ ነው፤ በሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ አሻግሮ በመምታት) ቡድኑን የመራው ቲኖ ማርቲኔዝ የመታው 28 ብቻ ሲሆን፣ የፍጻሜው ኮከብ ሆኖ የተመረጠውም (ማን ይገምት ነበር?) በቀደመው ዓመት በኦክላንድ ቡድን ሲጫወት ኳስ መምታት ተስኖት የነበረው ስኮት ብሮሺየስ ነው።