ሁለት ሞኒተር በአንድ ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ፦ ከልምድ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ በሆነው ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕዎ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ጭነው ሁለት ያገለገሉ ባለ 22 ኢንች ሞኒተሮች ማገናኘትዎን፣ የአንደኛው ሞኒተር ሪዞሉሽን (የነጥቦቹ ብዛት) ከ1024 በ768 በላይ አልሄድ ማለቱን፣ ፊደሉ በላፕቶፑ ላይ ደቅቆ በሞኒተሮቹ ላይ ገዝፎ መታየቱን፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ስክሪን ላይ ተደራርበው እንደሚጠብቁዎት ጽፈዋል፤ በዚህም ምክንያት የኡቡንቱን ነባሪ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያሳየውን ክፍል) ግኖምን ትቼ ወደ ሌሎቹ ዴስክቶፖች፣ ወደ ፕላዝማ ወይም ወደ ኤክስኤፍሲኢ ልሻገር ወይ ብለው ጠይቀዋል።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ከቤቴ የምሠራ የመጻሕፍት አርታዒና ተርጓሚ ነኝ። ግራ ስክሪኔ ላይ ዋናው ጽሑፍ፣ ቀኝ ስክሪኔ ላይ ረቂቄ፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ መዝገበ ቃላትና ኢሜይል ሲከፈቱ ይውላሉ፤ በዚህ አኳኋን ሦስቱንም ዴስክቶፖች በየተራ ለረጅም ጊዜ ሠርቼባቸዋለሁ። ከዚያ ተነሥቼ የምነግርዎ፣ ካነሷቸው ችግሮች የመጀመሪያው ከዴስክቶፑ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ነው። ስለዚህ ዴስክቶፕ ከመቀየርዎ በፊት ገመዱን ይመርምሩ።

ማንኛውም ሞኒተር ስሙን፣ የሠሪውን መለያና የሚችላቸውን ሪዞሉሽኖች የያዘ፣ መሠረታዊ ክፍሉ 128 ባይት ብቻ የሆነ አጭር መረጃ በገመዱ በኩል ለኮምፒውተሩ ይልካል። ያ መረጃ መንገድ ላይ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ከፊቱ ምን ዓይነት ሞኒተር እንዳለ ስለማያውቅ፣ ለማንኛውም ስክሪን አደጋ በሌለው ዝቅተኛ መጠን ይወሰናል፤ 1024 በ768 የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ያገለገሉ ሞኒተሮች ብዙዎቹ የሚገናኙት ቪጂኤ በተባለው አሮጌ ሶኬት ስለሆነ ከላፕቶፑ የኤችዲኤምአይ ሶኬት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መቀየሪያ ገዝተው ይሆናል። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ ግን አናሎግ በመሆኑ መቀየሪያው በውስጡ ቺፕ ሊኖረው ግድ ነው፤ ርካሾቹ ደግሞ ያንን መረጃ በትክክል የማያሳልፉበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ በዚህ ሦስት ቀን አጥቻለሁ። ድራይቨር ቀያየርሁ፣ ሲስተሙን እንደገና ጫንሁ፣ በመጨረሻም መሀል ከተማ ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን መቀየሪያ ነቅዬ ሌላ ስሰካ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተስተካከለ። እርስዎም ሁለቱን ገመዶች ከነመቀየሪያቸው በሞኒተሮቹ መካከል ያለዋውጡ፤ ችግሩ ገመዱን ተከትሎ ወደ ሌላው ሞኒተር ከሄደ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመቀየሪያው ነው። ከሁሉም በፊት ግን የሞኒተሩን ጀርባ ይመልከቱ። ከቪጂኤው ጎን ነጭ የዲቪአይ ሶኬት ካለው ዕድለኛ ነዎት፤ ኤችዲኤምአይና ዲቪአይ ሁለቱም ዲጂታል በመሆናቸው ምንም ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ያገናኛቸዋል፣ ፊደሉም ከቪጂኤ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ገና ሊገዙ ላሰቡ ሌሎች አባላት አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 2012 ከወጣው ከሦስተኛው የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ትውልድ በፊት የነበሩት የኢንቴል ግራፊክሶች በአንድ ጊዜ፣ የላፕቶፑን ጨምሮ፣ ሁለት ስክሪን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት፤ ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ትውልዱን ሳይጠይቅ ሁለት ሞኒተር አይግዛ።

ወደ ፊደሉ መጠን ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ባለ 14 ኢንች ስክሪንዎ 1920 በ1080 ከሆነ በአንድ ኢንች 157 ያህል ነጥብ ይይዛል፤ ባለ 22 ኢንች ሞኒተር በ1680 በ1050 የሚይዘው ግን 90 ያህል ነው። መስኮቶችን በስክሪን ላይ የሚያወጣው፣ ከፈረንጆቹ 1987 ጀምሮ ያለው ኤክስ11 የተባለ ሥርዓት ለሁሉም ስክሪን አንድ የጋራ የማጉያ መጠን ይዞ የሚሠራ በመሆኑ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። በፈረንጆቹ 2008 የተጀመረው ተተኪው ዌይላንድ ግን ለእያንዳንዱ ስክሪን የራሱን መጠን መስጠት ያስችላል። ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የላቲን ፊደል ደቅቆም ይነበባል፣ ሐ እና ሑ፣ ጸ እና ጹ ግን የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ስለሆነ አራሚ ዓይኑን ሲያደክም ውሎ ስሕተቱን ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በዌይላንድ መግባትዎን በሴቲንግ ውስጥ ስለ ሲስተሙ ከሚገልጸው ገጽ ያረጋግጡ፤ በኤክስ11 ከሆኑ፣ ከሲስተሙ ወጥተው የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ገጽ ታች በኩል ካለችው የጥርሳም ጎማ (ማርሽ) ምልክት ይቀይሩት። ከዚያ የላፕቶፑን ስክሪን ብቻ 125 ወይም 150 በመቶ ያድርጉት። ለዌይላንድ ያልተዘጋጁ አሮጌ ፕሮግራሞች በእንደዚህ ያለ ማጉያ ትንሽ ሊደበዝዙ ስለሚችሉ እነርሱን ወደ ሞኒተሮቹ መውሰድ ይሻላል።

አሁን ወደ ዴስክቶፑ እንመለስ። ግኖም የሥራ ገጾችን ሲያፈራርቅ እንደ ነባሪው አሠራሩ የሚቀይረው ዋናውን ስክሪን ብቻ ነው፤ ሌላው ባለበት ይቆያል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፣ እኔ ግን ዋናውን ጽሑፍ ከዓይኔ ሳይጠፋ ረቂቅ እየቀያየርሁ ለመሥራት ተስማምቶኛል፤ የማይስማማው ሰው በሴቲንግ ውስጥ ሁሉም ስክሪን አብሮ እንዲቀየር ማድረግ ይችላል። ኤክስኤፍሲኢ ለሜሞሪ ቆጣቢ ነው፣ የስክሪን አቀማመጥንም በስም አስቀምጦ ሞኒተር ሲሰካ ራሱ ይመልሳል፤ ይሁንና እስካሁን በዋናነት የሚሠራው በኤክስ11 ላይ ስለሆነ የፊደል መጠን ችግርዎን አይፈታም። 8 ጊጋባይት ላለው ማሽን የሜሞሪ ቁጠባው ያን ያህል ስለማያስፈልግ አልመክረውም።

ለሁለትና ሦስት ስክሪን የበለጠ የታሰበበት ሆኖ ያገኘሁት ፕላዝማ ነው። በየስክሪኑ የራሱን ፓነል (የተከፈቱትን መስኮቶች የሚዘረዝረውን አሞሌ) አድርገው፣ ፓነሉ እዚያው ስክሪን ላይ ያሉትን መስኮቶች ብቻ እንዲያሳይ ማዘዝ ይችላሉ። በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት 2015፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2023፣ የወጣው የፕላዝማ ስሪት 5.27 የብዙ ሞኒተር አያያዙን ከሥር ጀምሮ አሻሽሎታል፤ ከርሱ በፊት ያለውን ስሪት ሞክረው የተማረሩ ሰዎች አስተያየት እንዳያሳስትዎ። በፕላዝማ ዌይላንድ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ግን በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ የቨርችዋል ኪቦርድ ክፍል ገብተው አይባስ ወይም ፋይቲክስ የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም መምረጥ ያስፈልግዎታል፤ ይህን ያላወቀ ሰው አማርኛ አልሠራም ብሎ ይተወዋል። በግኖም ላይ ግን አማርኛን ከግብዓት ቋንቋዎች ዝርዝር መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ፣ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሞኒተሮቹ ግን ይጠፋሉ፤ ኮምፒውተሩም ገመዳቸው እንደተነቀለ ይቆጥርና መስኮቶቹን ወደ ቀረው ስክሪን ይሰበስባቸዋል። ግኖምም ፕላዝማም አቀማመጡን የሚያስታውሱት ሞኒተሩን በስሙ፣ በመለያ ቁጥሩና በተሰካበት ሶኬት ለይተው ነው። ሁለቱ ሞኒተሮችዎ አንድ ዓይነት ከሆኑና መለያ ቁጥራቸውን በትክክል ካላሳወቁ፣ የሚለያዩት በሶኬቱ ብቻ ስለሚሆን ገመዶቹን ባለዋወጡ ቁጥር ግራውና ቀኙ ይገለባበጣሉ። እኔ በየገመዱ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ግራ» እና «ቀኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ሞኒተሮቹንም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ብዙ ኃይል ስለማይወስዱ፣ ከራውተሩ ጋር መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ ሰክቻቸዋለሁ። እኛ ሰፈር መብራት ብልጭ ብሎ በደቂቃ ውስጥ የሚመለስባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት አሁን አንድም መስኮት ከቦታው አይነቃነቅም።