ሙቀቱንም ብርዱንም አለት ላይ እንደተጣበቁ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ማሰልና ኦይስተር የሚባሉት ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎል ለበሶች አለት ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት፣ እንደ ዓሳ ዋኝተው አያመልጡ፣ ታዲያ ውሃው ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም እንዴት ነው የሚችሉት? ዛጎሉ ነው እንዴ የሚከላከልላቸው?

መልስ፦ ኧረ ዛጎሉስ ከአዳኝ ነው እንጂ ከብርድ አያስጥልም። ውሃው 8 ዲግሪ ከሆነ ውስጥ ያለው ሥጋም ያው 8 ነው። ሥራው ያለው ሴሎቹ ጋ ነው። ሴልን የሚሸፍነው ስስ ነገር በአብዛኛው ቅባት ነው፣ ቅቤ ሲበርደው እንደሚረጋው ይሄም ብርድ ሲመታው ይጠጥራል፣ ያኔ ሴሉ ማስገባትም ማስወጣትም ይቸግረዋል፣ እና እንስሳው ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ቀስ እያለ ቅባቱን ይቀይራል፣ እንደ ዘይት ብርድ ላይ የማይረጋውን ዓይነት ያበዛል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይመልሰዋል። ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ከቀዝቃዛ ውሃ አውጥቶ ድንገት ሞቃት ውስጥ መክተት ሊገድለው ይችላል፣ ያው ሙቀት ቀስ ብሎ ቢመጣ ይችለው የነበረውን።

ሙቀት ሌላም ጣጣ አለው። 10 ዲግሪ ሲጨምር የኦክሲጅን ፍላጎቱ እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ ውሃው ግን በተቃራኒው ነው፣ ጨው የሌለው ውሃ 0 ዲግሪ ላይ በሊትር 14.6 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል፣ 30 ላይ 7.5 ብቻ። በዛ ላይ ሙቀቱ ፕሮቲኖቹን ሲያበላሽ ሌሎች ፕሮቲኖች አምርቶ መጠገን አለበት፣ ይሄ ደግሞ ጉልበት ይበላል፣ ለማደግና ለመራባት የሚተርፈው ያንሳል።

እኔ ግን የሚገርመኝ ከውሃው ይልቅ ባህሩ ወደኋላ ሲሸሽ የሚሆነው ነው። ማሰሉ ፀሐይ ላይ ይቀራል፣ ክዳኑን ጥርቅም ያደርጋል፣ ያለ ኦክሲጅን ለሰዓታት ይቆያል፣ ሰውነቱም ከአየሩ በላይ ሊግል ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 መጨረሻ በካናዳና በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የመጣው ሙቀት ግን ከአቅም በላይ ሆነ፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ የባህር ዳርቻ እንስሳት እንደሞቱ ተገምቷል። ማሰሎቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የተገኙት፤ ክዳኑን ዘግቶ የሚይዘው ጡንቻ ነው፣ ማጠፊያው ላይ ያለው ላስቲክ መሳይ ነገር ደግሞ ሁሌ ሊከፍተው ይገፋል፣ እንስሳው ሲሞት ጡንቻው ይለቃል፣ ዛጎሉም በራሱ ይከፈታል።